የመንገድ ልጅ ልደት

ብዙ ሰውን የሐኪም ጓንት ሽታ መርፌንና ወረፋን ያስታውሰዋል፤ እኔን ግን የሚያስታውሰኝ ልደቴን ነው። በቅርቡ ልጄን ጥርስ ሐኪም ጋ ይዣት ሄጄ፣ ሐኪሟ አዲስ ካርቶን ከፍታ ጓንት ስትመዝ ያ ዱቄት ዱቄት የሚል የላስቲክ ሽታ አፍንጫዬ ገባና ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ልጄ አፏን እንደ ከፈተች በዓይኗ ጥግ አየችኝ። የእሷ ጥርስ ሊነቀል እናቷ ትስቃለች! እንዴት ብዬ ላስረዳት? እኔ በዚያች ደቂቃ አምቦ ነበርኩ። ሦስተኛ ክፍል ነኝ፤ ወሩ ጥር ነው፤ ከቤታችን ኮርኒስ ላይ የተነፉ ነጫጭ ጓንቶች ጣታቸውን ዘርግተው ተንጠልጥለዋል፤ ነፋስ በገባ ቁጥር ሁሉም ባንድ ላይ ሰላም ይሉኛል።

ነገሩ የጀመረው ሳሮን ቤት ነው። ሳሮን አብራኝ ትማር ነበር፤ አባቷ መናኸሪያው አጠገብ ሆቴል ነበራቸው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ለልደቷ ጠራችንና የእሑድ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ከዚያ በፊት ልደት የሚባል ድግስ አይቼ አላውቅም። እኛ ሰፈር የልጅ ዕድሜ የሚታወቀው በክፍሉ ወይም በወለቀ ጥርሱ ነበር። ሳሮን ቤት ግን ከአዲስ አበባ የመጣ ሮዝ ኬክ ጠረጴዛው መሀል ተቀምጧል፤ ኬኩ ላይ ቀጫጭን ሻማዎች ተተክለዋል። መጋረጃው ተዘጋ፣ ሻማው ተለኮሰ፣ ሳሮን ጉንጮቿን ነፍታ እፍ አለች፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እናቷ አቅፈው ሳሟትና፣

"ይኸው ዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሞላሽ! አደግሽልኝ!" አሏት።

እኔ ቃሉን እንዳለ ወሰድኩት። ሻማው እስኪጠፋ ድረስ ሳሮን ስምንት ዓመቷ ነበር፤ እፍ ስትል ዘጠኝ ሆነች። በዓይኔ አይቻለሁ። ከክፍላችን ደግሞ በቁመት ከሁሉ የማንስ እኔ ነበርኩ። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከሰልፉ መጀመሪያ የምቆመው እኔ፣ አዲስ መምህር በመጣ ቁጥር "አንቺ የማን ታናሽ ነሽ?" የምባለው እኔ። ያን ቀን ምክንያቱን አገኘሁት። ለእኔ ሻማ ያበራልኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ ማንም አላሳደገኝም።

ቤት እንደ ደረስኩ እናቴን ያዝኳት። እማዬ ጤና ጣቢያ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ያን ሰዓት ከሥራ ተመልሳ እግሯን ለብ ባለ ውሃ እየታጠበች ነው።

"እማዬ፣ እኔ ስንት ዓመቴ ነው?"

"ጥር ሲያልቅ ዘጠኝ ይሞላሻል።"

"ሻማ ሳላጠፋ?"

"ምን?"

"ሳሮን ሻማ አጥፍታ ነው እኮ ያደገችው። እኔ አንድም ቀን አላጠፋሁም። ለዚህ ነው አጭር የሆንኩት።"

አባቴ መምህር ነው፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ የተማሪዎች ፈተና ያርም ነበር። ቀይ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ሻማ የሚያሳድግ ቢሆንማ፣" አለ፣ "መብራት በጠፋ ቁጥር እፍ ስል የኖርኩት ሰውዬ ይሄ ነው ቁመቴ?"

አባዬ ከእማዬ ያጥራል። እሷም አብራ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ከንፈሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይሄኔ እማዬ እግሯን ከሳፋው አውጥታ ወደ እሷ ሳበችኝ።

"እሺ፣ እናከብርልሻለን። ግን እንደ አቅማችን ነው። ሰማሽ? የሳሮን ዓይነት አይደለም።"

አቅማችን ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። በዚያ ዓመት ቤታችንን ትንሽ ትንሽ እያልን እንሠራ ነበር። ቤት የገባ ብር ሁሉ ሳያድር ወይ ቆርቆሮ ይሆናል ወይ ምስማር። ስጋ ያማረኝ ቀን አባዬ ወደ ጣሪያው እያሳየ "ያውልሽ፣ ቀና ብለሽ ብዪ" ይለኝ ነበር። ስለዚህ ኬክ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ሌላ ነገር ነው።

"እማዬ፣ ሳሮን አዲስ አበባ ሆስፒታል ነው የተወለደችው። እኔስ?"

"አንቺም ሆስፒታል ነው፤ እዚሁ አምቦ።"

ፈጥና መለሰችና ውሃው ሳይቀዘቅዝ ልትደፋው ሄደች። አባዬ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ያረመውን ወረቀት እንደገና ማረም ጀመረ።

ጥር ገባ። የዝግጅቱ አለቃ እማዬ ሆነች። መጀመሪያ ያሰበችው ፊኛውን ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ጊዜው ያለፈበት የጓንት ካርቶን ሊቃጠል ወጥቶ ነበር፤ ነርሷን አስፈቅዳ ይዛው መጣች። አባዬ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ ይነፋል፤ ዓይኑ ይፈጣል፣ አንገቱ ይወጠራል፣ ከዚያ ጓንቱ ባንዴ እጅ ይሆናል። ቋጠሮው ሲያመልጠው ጓንቱ ፉጨት እያሰማ ቤቱን ዞሮ ወጥ ላይ ያርፋል። አንዱን በእስክሪብቶ ዓይንና አፍ ሥሎ ዶሮ አደረገልኝ፤ ጣቶቹ የአናቷ ጉትያ ሆኑ።

ለስላሳ መጠጡን እማዬ የሠራችው ከአምቦ ውሃ ነው። ሎሚ ጨመቀችበት፣ ስኳር ጨመረችበት። ስኳሩ ሲገባ ጠርሙሱ ተቆጥቶ አረፋው ጠረጴዛውን አጥለቀለቀው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሎሚና ስኳሩን በጣሳ ለብቻ በጥብጣ፣ ውሃውን በጠርሙሱ አፍ ቀስ ብላ እያንቆረቆረች ብልሃቱን አገኘችው። ቀመስኩት፤ ምላሴን ቆነጠጠኝ። እስከ ዛሬ ከዚያ የሚበልጥ ለስላሳ ጠጥቻለሁ ብል ውሸት ነው። በኬክ ፋንታ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚጋገር ድፎ ዳቦ ሊኖረን ነው። ሻማው ብቻ አስጨነቀኝ። አባዬ ከሱቅ ያመጣው መብራት ሲጠፋ የምናበራውን አንድ ወፍራም ነጭ ሻማ ነው።

"አንድ ብቻ?" አልኩት።

"ወፍራም ነው እኮ። የሳሮንን ሁሉ ቢጨምቁት ይሄን አያክልም።"

ሌሊት ተኝቼ አሰላው ነበር። አንዱን ሳጠፋ አንድ ዓመት ባድግ፣ የቀሩትን መቼ ላጠፋ ነው?

ልደቴ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አዳዳ ጫልቱ ከባኮ መጣች። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ሁልጊዜ በቆሎው ከተሸለቀቀ በኋላ ዓይኗን ለመታየት አምቦ ትመጣለች፤ ስትመጣ ሸንኮራና ፓፓያ ተሸክማ፣ ድምፅዋ ቀድሟት ነው። ረጅም፣ ሰፊ እጅ ያላት ሴት ናት። አማርኛ ስትናገር ኦሮምኛዋ መሀል መሀል ይገባበታል፤ ስትቆጣ ደግሞ አማርኛው ጨርሶ ይወጣል። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስለ ልደቴ ነገርኳት።

"ልደት? ገና አለፈ አይደል እንዴ?"

"የጌታ አይደለም አዳዳ፤ የእኔ! የተወለድኩበት ቀን።"

"አሃ! እሱ ይከበራል?"

"ከተማ ይከበራል።"

"ጥሩ ነው። እና ማን ይመጣል?"

"ሳሮን፣ ሌሎችም የክፍሌ ልጆች።"

አዳዳ የያዘችውን ባቄላ ሰፌዱ ላይ መለሰችው። "እነሱ ስትወለጂ ነበሩ?"

"አዳዳ ደግሞ! ያኔ እነሱም ሕፃናት ናቸው እኮ።"

"ታዲያ ምኑን አውቀው ነው የሚያከብሩት? ስትወለጂ ያየ ሰው ሳይጠራ፣ ያላየ ሰው ተጠርቶ ሊበላ?" ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ለብቻዋ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት ብጠይቃት "ባቄላው ነው" አለችኝ።

በማግስቱ ከሐኪም ስትመለስ መናኸሪያ ይዛኝ ሄደች። ሞባይል የሚባል ነገር ገና እጃችን አልገባም፤ መልእክት የሚሄደው በሾፌር አፍ ነው። ሸንኮራ ቆርጣ ሰጠችኝና ወደ አንድ የባኮ አውቶቡስ መስኮት ተንጠራርታ ከሾፌሩ ጋር በኦሮምኛ ታወራ ጀመር። ሞተሩ እየጮኸ ነው፤ እኔም ሸንኮራዬን እየመጠጥኩ ነው፤ የሰማሁት አንዲቱን ነገር ብቻ ነው።

"ኢንተለ ከራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ነው ብለህ ንገርልኝ!"

ኢንተለ ከራ ማለት የመንገድ ልጅ ማለት ነው። ሾፌሩ በደስታ ጮኸ፤ በሁለት እጁም የአዳዳን እጅ ጨበጠ። እኔ ግን ሸንኮራው አፌ ውስጥ ቀረ። እንደኔው ዘጠኝ ዓመት የሚሞላት፣ መንገድ ላይ የምትኖር ልጅ አለች ማለት ነው።

"አዳዳ፣ የመንገድ ልጅ ማናት?"

"አንድ የማውቃት ልጅ ናት።"

"ቤት የላትም?"

"ያኔ አልነበራትም" አለችና አሁንም ለብቻዋ ሳቀች። ጨካኝ መሰለችኝ። ወደ ቤት ስንመለስ በየመንገዱ ዳር ዳር እያየሁ ሄድኩ፤ ልጅቱን ካገኘኋት ልጠራት ፈልጌ። አላገኘኋትም። ስለዚህ እማዬ ለእንግዶች ከገዛችው ከረሜላ አንዱን ወስጄ ለመንገዷ ልጅ ብዬ በካልሲዬ ውስጥ አስቀመጥኩላት።

ቅዳሜ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ መጡ። ሳሮን ነጭ ጫማ አድርጋ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተርና እርሳስ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ወደ ኮርኒሱ ስታይ የምትለውን ጠበቅኩ።

"እጅ ነው?" አለች።

"ጓንት ነው።"

"እኔ ቤት ክብ ብቻ ነበር" አለችና ዶሮዋን ለመያዝ ዘለለች። ወዲያው ሁሉም እየዘለሉ የጓንቶቹን ጣት መጨበጥ ጀመሩ። አባዬ የጎረቤት ቴፕ ተውሶ ነበር፤ ካሴቱ መሀል ላይ እየተጎተተ የዘፋኙን ድምፅ ቢያወፍረውም ጨፈርንበት። ድፎው በኮባው ተጠቅልሎ ገና ትኩስ ነው፤ ሻማው መሀሉ ላይ ተተክሏል። እማዬ ያላትን አንዱን ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ብርጭቆ እያጠበች ለሚቀጥለው ልጅ ታቀብላለች፤ የብርጭቆዎቻችን ቁጥር ከልጆቹ ያንስ ነበር። ደስ ብሏት ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ልክ ክብሪት ሊጫር ሲል ምድሩ ተንቀጠቀጠ። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሰፈራችን መግቢያ ላይ እየጎተተ መጥቶ፣ በራችን ጋ ሲደርስ አየሩን ፉስስ አድርጎ ቆመ። ልጆቹ ሁሉ ወደ ውጭ ሮጡ። ከጋቢናው ነጭ ጺም ያላቸው ወፍራም ሾፌር ወረዱ፤ ቀጥሎ አንዲት ቀጭን አሮጊት እንስራ የሚያህል ቅል አቅፈው፤ በመጨረሻ ከላይ፣ ከጆንያው ላይ፣ ጋቢ የለበሱ ሰውዬ አንዲት ጠቦት በብብታቸው ይዘው ወረዱ። አዳዳ ጫልቱ እጆቿን ዘርግታ "ኮቱ! ኮቱ! ኑ ግቡ!" እያለች ወጣች። የሰላምታው ብዛት! ተሳስመው ሳይጨርሱ እንደገና ይጀምራሉ።

ዞሬ እማዬን አየኋት። በሩ ላይ ቆማለች፤ እጇ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይንጠባጠባል። ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ጠፍቷል። ከዚያ ዞራ ማድ ቤት ገባች።

ተከትያት ሄድኩ። አዳዳም ከኋላዬ መጣች። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማ ነበር።

"ምነው እትዬ ጫልቱ? ሳትነግሪኝ?"

"ብነግርሽ እሺ ትይኝ ነበር?"

"በምን ዓይኔ ልያቸው? እንደዚያ ሆኜ አይተውኛል። የከተማ ሴት፣ አውራ ጎዳና ላይ ተጋድማ... ለልጄ እንኳ ሆስፒታል ነው የምላት።"

አዳዳ ሰፊ እጇን እማዬ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

"ያዩሽ ስትወልጂ ነው ጥሩነሽ፤ ስትሰርቂ አይደለም። ገበያ ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል። 'ጥርስ አወጣች? ቆመች? ትምህርት ቤት ገባች?' አንድም ቀን አልረሷትም። እኔ እስከ መቼ በአፌ ላሳድግላቸው? ይዩዋት ብዬ ነው።"

እማዬ ያልደረቀውን ብርጭቆ አስቀመጠች። የውጪው ጫጫታ ይሰማ ነበር፤ ጠቦቷ ትጮኻለች፣ ልጆች ይስቃሉ። በመጨረሻ በቀሚሷ እጅጌ ዓይኗን ጠረገችና፣

"ምን ላብላቸው?" አለች።

አዳዳ አጨበጨበች። "ምን ላብላቸው ካልሽማ ጨርሰናል!"

እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ቀጥ ብላ ወደ አሮጊቷ ሄዳ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል፣ አሮጊቷ ብብቷን ይዘው አነሷትና ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"ወፍረሻል!" አሉ። "እሰይ! እኔ ቤት የተኛሽው እንደ ሸምበቆ ቀጥነሽ ነበር።" እማዬ እየሳቀች አለቀሰች። ሾፌሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

ቤታችን ያን ያህል ሰው ችሎ አያውቅም። ሾፌሩ ጋሽ ንጉሤ ይባላሉ፤ ከባኮ በቆሎ የሚያመላልሱ ናቸው። አሮጊቷ እማማ ድንቄ ናቸው፤ ቤታቸው ከጌዶ ወዲያ በባኮ መንገድ፣ ዳገቱ ዳር ነው፤ እማዬ እንደ ወለደች ያረፈችው እዚያ ነው። ጠቦት የያዙት ኦቦ ቱሉ የከብት ነጋዴ ናቸው። ዳቦው መሀል ተቀምጦ፣ ሻማው ሳይለኮስ፣ እኛ ልጆች መሬት ላይ ተኮልኩለን ጋሽ ንጉሤ ጀመሩ።

"እናትሽ አንቺን ልትወልድ ከባኮ እናቷ ቤት፣ ወደ አምቦ፣ ከጫልቱ ጋር ትመጣለች። አውቶቡሱ ተበላሽቶ መንገድ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ጋቢና አስገባኋቸው። የጌዶን ዳገት ስንጀምር እናትሽ እጄን ያዘችኝ። መሪ የያዝኩበትን እጅ! 'አቁም' አለች። መንገዱ መሀል አቆምኩ። ዝናብ ያካፋ ነበር።"

"የምን ዝናብ? በጥር?" አሉ ኦቦ ቱሉ። "ፀሐይ ነው። እኔ ጆንያው ላይ ከበጎቼ ጋር ነበርኩ፤ ጭንቅላቴ ሲነድ ነበር።"

"ረጥቤያለሁ እኮ!"

"ውሃ ይዤ ስሮጥ እኔ ነኝ የደፋሁብህ" አሉ እማማ ድንቄ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ከኋላ የመጡ መኪኖች ሁሉ ተሰልፈው ቆሙ አሉ። ማንም ጥሩምባ አልነፋም። ሴቶቹ ወርደው ነጠላቸውን ዘርግተው ዙሪያውን እንደ ግድግዳ ቆሙ። ቢላዋው የኦቦ ቱሉ ነው፤ በእሳት አሳልፈው ሰጡ፤ እትብቴን የቆረጠችው አዳዳ ናት። ጋሽ ንጉሤ እዚህ ላይ ሲደርሱ ወደ እማዬ አዩ። ታሪኩን የቀጠለችው እማዬ ነበረች።

"አላለቀሰችም" አለች ቀስ ብላ። "ሁሉም ዝም አለ። ያን ዝምታ መቼም አልረሳውም። ከዚያ እማማ ድንቄ ተቀብለዋት ፊቷ ላይ እፍ አሉባት። አንዴ። ሁለቴ። ስታለቅስ ጋሽ ንጉሤ ሮጠው ጥሩምባውን ለቀቁት፤ ከኋላ ያሉት መኪኖች ሁሉ ተቀበሏቸው። ያ ሁሉ መኪና፣ ለእሷ።"

ልጆቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ወደ እኔ ዞሩ።  እኔን ግን ሌላ ነገር አሳስቦኝ ነበር። አዳዳን ቀሚሷን ጎተትኳት።

"አዳዳ፣ የመንገዷ ልጅ ሳትመጣ ቀረች?"

"እንዴ! ማን ናት ብለሽ ነው?"

"ከረሜላ አስቀምጬላት ነበር" አልኩና ከካልሲዬ አወጣሁት። ቀልጦ የካልሲዬ ክር ተጣብቆበታል።

አዳዳ ከረሜላውን ተቀብላ ወረቀቱን ላጠችና እኔው አፍ ውስጥ ከተተችው። "ይኸው መጣች" አለች። አባዬ ከሳቁ ብዛት ወደ ውጭ ወጣ።

ሻማው ተለኮሰ። አባዬ አጭር ጸሎት አደረገ። እፍ ልል ስል ግን ቆምኩና እማማ ድንቄን አየኋቸው።

"አብረን እፍ እንበል?" አልኳቸው።

አልሳቁብኝም። አጠገቤ ተንበርክከው፣ ጥርስ የሌለውን አፋቸውን አሹለው፣ አብረን እፍ አልን። ሽማግሌዎቹ እየተነሱ አንድ በአንድ ራሴ ላይ እጃቸውን ጫኑ። "ጉደዹ" ይላሉ፤ እደጊ ማለት ነው። ከሁሉም ተቀበልኩ፤ ስንት ዓመት እንደ ሆነ መቁጠሩን ተውኩት።

"ምን ላብላቸው" ያለችው እማዬ በዚያ ቀን የተረፈውን ማስቀመጫ አጣች። ከእማማ ድንቄ ቅል ውስጥ የወጣው በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ነው፤ ልጆቹ ድፎውን ትተው ጭኮው ላይ ዘመቱ። ጋሽ ንጉሤ አንድ ዘለላ ሙዝ ከመኪናው አወረዱ። ኦቦ ቱሉ ደግሞ ጠቦቷን በገመዷ እጄ ላይ አስያዙኝ።

"ሀንዱራሽ ናት" አሉ። "ሲወለድ ለልጅ የሚሰጥ ከብት ነው፤ በእትብቱ። ቢላዋው የኔ ሆኖ ሳለ ሳልሰጥሽ ኖርኩ፤ ይኸው አደረስኩ።"

እማዬ "ኧረ ይሄ ይበዛል ኦቦ ቱሉ" ብትል፣ "አንቺ አትናገሪ፤ ከልጅቱ ጋር ነው ጉዳዬ" አሏት። ጠቦቷ ከታች ጀምራ የቀሚሴን ጫፍ ትበላ ነበር።

ሳሮን ጭኮ በጉንጯ እንደ ያዘች አጠገቤ መጣች። ጓንቶቹን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ጠቦቷን፣ በር ላይ የቆመውን መኪና አየች።

"እኔን ሆስፒታል ነው የወለዱኝ" አለች በሐዘን። "ማንም አላየኝም።"

አዘንኩላትና ጠቦቷን እንድትይዝ ሰጠኋት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እንግዶቹ ተነሱ። ልጆቹ ሁሉ ለምነው ጭነት ላይ ወጡ፤ ጋሽ ንጉሤ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ጥሩምባ እየነፉ ወሰዱን። ሰው ከየሱቁ ወጥቶ ሰርግ ነው እንዴ ይል ነበር። እማማ ድንቄ ከጋቢናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው እማዬን "አምጫት እንጂ! ቤቴን ታውቀው!" አሏት። እማዬ "አመጣታለሁ" አለች። ለይሉኝታ መስሎኝ ነበር።

የግማሽ ዓመቱ እረፍት እንደ ገባ ግን ራሷ ይዛኝ ተነሳች። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ዶሮ አለ፣ ጆንያ አለ፣ በመተላለፊያው የቆመ ሰው አለ። ጉደርን ካለፍን ጀምሮ እማዬ በመስኮቱ ታያለች። ጌዶ ላይ ሰው ወረደ፣ ሌላ ሰው ወጣ። ከተማውን ለቀን ወደ ባኮ የሚወርደውን ቁልቁለት ስንጀምር እጄን ያዘችኝ።  ከዚያ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

"ሾፌር፣ እባክህ እዚህ ጋ ቀስ በልልኝ።"

"ወራጅ አለ?"

"የለም።"

ሾፌሩ ግራ ገብቶት ቀስ አለ። እማዬ የፊቱን ወንበር ጨብጣ ወደ ሰው ዞረች። በገዛ ቤታችን እንኳ ስለዚህ ነገር ድምፅዋን የማታነሳው እናቴ፣ ያ የማታውቀው ሰው ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ፣

"ይቺን ልጄን የወለድኳት እዚህ ነው" አለች። "እዚህ፣ መንገዱ ላይ።"

የቆመው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ ከኋላ ዶሮ የታቀፈች አንዲት ሴት እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አነሱ። ሾፌሩ ጨርሶ ቆመና በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ፣

"የታለች? እስቲ እንያት!" አለ።

እማዬ ብብቴን ይዛ አነሳችና ወንበሩ ላይ አቆመችኝ።

"ይቻት" አለች።